ራዲዮ ዝም ያለበት ዓመት

ሰፈሩ ውስጥ እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት እናቱና መታወቂያ የሚያድስለት ቢሮ ብቻ ነበሩ። ለሌላው ሰው ሁሉ ራዲዮ ነው። ስሙን ያወጡለት የሙያ ጓደኞቹ ደላሎች ናቸው፤ አንዴ ከተከፈተ የሚዘጋበት ቁልፍ የለውም ብለው። ራዲዮ ቤት ያከራያል፣ ቤት ያሻሽጣል፣ ሲተርፈው ደግሞ የተጣላ ያስታርቃል። ጣሪያው የሚያፈስ ቤት በእሱ አፍ «አየር የሚያገኝ» ነው። ወፍጮ ቤት ጥግ ያለው «ሞቅ ያለ ሰፈር» ይባላል። አንድ ሰው ገብቶ መዞር የማይችልበት ማድቤት ደግሞ «ሁሉም ነገር እጅ ላይ የሆነ» ነው። ዋሸህ ሲሉት ይቀየማል። «እኔ ቤት አቆላምጣለሁ እንጂ አልዋሽም» ይላል።

ሚስቱን ያገኛትም በዚሁ ምላሱ ነው። ከውጭ አገር ለሁለት ዓመት ኮንትራት የመጣች፣ ሆስፒታል ውስጥ የደም መመርመሪያ ማሽኖች የምትጠግን ሴት ነበረች። ቤት ፈልግላት ተባለና በአንድ ቀን ሰባት ቤት አሳያት። ከሚለው ነገር አንዱም አልገባትም። ግን ቅንድቡን፣ እጁን፣ ትከሻውን ሳይቀር እያናገረ ቤት የሚያስጎበኝ ሰው አይታ ስለማታውቅ፣ ሰባተኛው ቤት ደጃፍ ላይ ቆማ ስምንተኛ አለ ወይ ብላ በጣቷ ጠየቀችው። «ስምንተኛው ላይ ራሴን አከራየኋት» እያለ ለአስራ አንድ ዓመት ሲያወራ ኖረ።

በእነዚያ አስራ አንድ ዓመታት ሰፈርተኛው ለሷም ስም አወጣላት። ጭምቷ አሏት። ለቅሶ ቤትም ሆነ ሰርግ ቤት እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ትቀመጣለች፣ ፈገግ ትላለች፣ ሰው ሲያናግራት ራሷን ትነቀንቃለች። ስትናገርም አጭር ነው፤ እሱንም «አንተ» እና «አንቺ» እየተምታታባት፣ ዘበኛውን በሴት፣ አክስቱን በወንድ እየጠራች። ሰው ይስቅና ነገሩ ያልፋል። እናቶች ለሴት ልጆቻቸው ምሳሌ ያደርጓት ነበር። «እሷን አትመለከቺም፣ ክፉ ቃል እንኳ ካፏ አይወጣም።» የራዲዮ እናት ደግሞ፣ «ልጄ ለሁለት ይናገራል፣ እሷ ለሁለት ዝም ትላለች፤ ፈጣሪ ሲያጣምር እንዲህ ነው» ይሉ ነበር።

አንድ እሑድ ስልክ ተደወለ። አባቷ ከደረጃ ወድቀው ጉልበታቸው ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል፤ እናቷ ብቻቸውን ከሆዳሙ ድመትና ከነጭናጫው በሽተኛ ጋር ቀርተዋል። ጭምቷ ባሏ የዕለቱን ወሬ እስኪጨርስ ጠበቀችና፣ «አስራ አንድ ዓመት ያንተ አገር ኖርን» አለች። «አሁን ተራው ያንቺ ነው።» ይህን ስትል እጇ የራሷ ደረት ላይ ነበር።

«‹የኔ ነው› ነው የሚባለው» ብሎ አረማት።

«የኔ ነው?»

«አዎ፣ ያንቺ ነው።»

«እሺ ስላልክ አመሰግናለሁ» አለችና ዕቃ ልትቆጥር ተነሳች።

አምስት መቶ ውል ያፈራረመው ደላላ በሁለት ዓረፍተ ነገር ተሸነፈ። ጓደኞቹ ይህን ሲሰሙ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። የመሰናበቻ ግብዣ አደረጉለትና ከመካከላቸው አንዱ በመጨረሻ ላይ ተነስቶ፣ «ወንድሜ፣ ልብስህንም ጫማህንም ይዘህ ሂድ፤ ምላስህን ግን ለኛ ተውልን፣ እዚያ አይሠራልህም» አለው። ራዲዮ ሳቀ። ነገሩ የገባው የሚስቱ አገር አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱ ነው።

አማቱ ሴትየዋ፣ የሚስቱ ወንድምና ሁለት አክስቶቿ መውጫው ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ጭምቷ ገና ከሩቅ ስታያቸው አፏን ከፈተች። አልዘጋችውም። ሻንጣ እየተጫነ ታወራለች፣ መኪና ውስጥ ታወራለች፣ በአንድ እጇ የአክስቷን ትከሻ እየመታች በሌላው አንድ ነገር በአየር ላይ ትስላለች። ራዲዮ እንዲህ ያለ ድምፅ ከሚስቱ ጉሮሮ ይወጣል ብሎ አስቦ አያውቅም። ወንድሟ መሪውን ለቆ እስኪስቅ ድረስ አሳቀችው። ራዲዮ ከኋላ ወንበር ተጠግቶ ከሁለቱ ሴት ልጆቹ ትልቋን፣ የአስር ዓመቷን ጠየቃት። ልጆቹ ከሕፃንነታቸው የእናታቸውን ቋንቋ ይናገራሉ፤ እሱ ነው ያልተማረው። ቋንቋ ለመማር ትንሽ ዝም ማለት ያስፈልጋል።

«ምን አለች?»

«ስላንተ ነው፣ አባዬ።»

«ስለኔ ምን ብላ?»

ልጅቷ አሰበች። «ሲተረጎም አያስቅም።»

መንገዱን ሙሉ እየሳቁ ሄዱ። ራዲዮም አብሯቸው ሳቀ፤ ሰው በሚስቀው ላይ አለመሳቅ ሞኝ ያስመስላል።

የአማቶቹ ቤት ፎቅ ነው፤ ከታች ማድቤቱና ሳሎኑ፣ ከላይ ሦስት መኝታ ክፍል። ለነራዲዮ አንዱ ክፍል ተለቀቀላቸውና አራቱም እዚያ ገቡ። ሚስቱ በሳምንቷ የድሮ መሥሪያ ቤቷ ተመለሰች፣ ትልቋ ትምህርት ቤት ገባች፣ የአራት ዓመቷ ትንሿ ደግሞ መዋያ ሄደች። ጠዋት ሁሉም ሲወጣ ራዲዮ ከሁለቱ አማቶቹ ጋር ይቀራል። የጦር ትጥቁ በእነሱ ቋንቋ ሦስት ቃል ብቻ ነው፤ «አዎ»፣ «ጥሩ ነው» እና «አመሰግናለሁ»።

አማቱ ሴትየዋ ማድቤት ጠረጴዛ ላይ ድንች ይዘው ይቀመጣሉ። እሱም ሥራ ፈት ሆኖ መታየትን ስለሚፈራ ቢላ ይዞ ከፊታቸው ይቀመጣል። እሳቸው ይልጣሉ፣ ይናገራሉ፤ እሱ ይልጣል፣ ይሰማል። ስለ ምን እንደሚያወሩ አያውቅም። ግን ሃያ ዓመት የአከራይና የተከራይ ቅሬታ ሰምቷልና ሰው ሲያማርር ፊት እንዴት እንደሚያዝ ያውቃል። ድምፃቸው ሲወጣ ቅንድቡን ያነሳል፤ ሲወርድ ይተነፍሳል፤ ቆም ሲሉ እንደ አገሩ ልማድ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ «እ» ይላል። መጀመሪያ ጊዜ እንዲህ ሲላቸው ትን ያለው መስሏቸው ውሃ ይዘው ሮጡ፤ ጀርባውንም ሁለቴ መቱት። ሲለምዱት ግን ወደዱት።

በወሩ መጨረሻ ሚስቱ ከሥራ ስትመለስ እየሳቀች ነገረችው። «እናቴ እንደዚህ ያለ አስተዋይ ሰው አላየሁም አለች። ዝም ያለ ሰው ጥልቅ ነው አለች። አባቴን ከአንተ ተማር አለችው።»

«እኔን?»

«አንተን። ‹ቃል ሳይናገር ሁሉም ነገር ይገባዋል› አለች።»

ራዲዮ ደስ ይበለው ወይስ ይክፋው አላወቀም። በአርባ ሦስት ዓመቱ ስለ ዝምታው ሲመሰገን የመጀመሪያው ነው። እናቱ ቢሰሙ ኖሮ ልጄን በሌላ ሰው ለውጠውብኛል ባሉ ነበር።

ሦስቱ ቃላት ሁሉንም ነገር አልሸፈኑለትም። ጸጉሩን ሊስተካከል ብቻውን ወጥቶ የመንገዱ ማዕዘን ላይ ካለ ጸጉር ቤት ገባ። ጸጉር ቆራጩ ትንሽ ቆረጠና አንድ ነገር ጠየቀው። «ጥሩ ነው» አለ ራዲዮ። ጸጉር ቆራጩ ቀጠለ። ደግሞ ቆም ብሎ ጠየቀው። «ጥሩ ነው፤ አመሰግናለሁ።» በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ራዲዮ መስተዋቱ ውስጥ ጎፈሬው አለመኖሩን አየ። በቃ ለማለት የሚሆን ቃል ፈለገ፤ ከሦስቱ አንዳቸውም አልሆኑም። ሰውየው መላጩን አንስቶ ወደ ጺሙ ጠቆመና በፊቱ ጠየቀው። ራዲዮ በድንጋጤ ያለ የሌለ ኃይሉን አሰባስቦ፣ «አዎ» አለ።

ቤት ሲደርስ ትንሿ በር ከፍታ አየችው፣ ዘጋችው፣ «ሰውዬ መጥቷል» ብላ ወደ ውስጥ ሮጠች። ከሃያ ዓመት ዕድሜው ጀምሮ ያሳደገው ሪዝ ነበር የሄደው። አማቱ ሴትየዋ ሲያዩት ደረታቸውን ያዙና ብዙ ተናገሩ። ትልቋ ተረጎመች። «አያቴ ለትሕትና ብለህ ነው የተላጨኸው ወይ ትላለች።»

«አዎ በያት» አለ፤ ምን ይበል።

ማታ ከእራት በኋላ ባልና ሚስት ዕቃ ያጥባሉ። እሷ ታጥባለች፣ እሱ ያደርቃል። የዚያን ቀን በአንድ ሳህን ላይ ፎጣውን ደጋግሞ አዙሮ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ። «እዚያ ሳለሽ ጭምት ነበርሽ አይደል?»

«ማን?»

«አንቺ። ጭምቷ ይሉሽ አልነበር።»

ሚስቱ ሳሙና የነካ እጇን አንስታ አየችው። «ጭምት አልነበርኩም። ቃል አልነበረኝም።»

«አስራ አንድ ዓመት ሙሉ?»

«አይ። አምስት ዓመት። ከዚያ ሁሉም ይገባኝ ነበር፤ መናገርም ችዬ ነበር። ግን ሰው ሁሉ ዝምታዬን ወዶታል። እናትህ ወደዱት። ጎረቤት ወደደው። እንዴት ላሳዝናቸው?»

«እኔስ? ለኔ እንኳ አትናገሪም?»

ጭምቷ ሳህኗን ወደ ውሃው መልሳ ከተተች። «አንቺ ደግሞ ተራ አትሰጪም» አለችው። በዚህኛው ጊዜ አንቺ ያለችው ተምታቶባት ይሁን ሆን ብላ አላወቀም፤ ሊያርማትም አልደፈረም። የአክስቱ ሰርግ ትዝ አለው። ስምንት ሰዓት ሙሉ እዚያ ጥግ ላይ አስቀምጧት ከሰው ሰው እየዞረ ሲያወራ፣ እሷ ራሷን ስትነቀንቅ። ምን ስታስብ ነበር? ጸጉር ቤት ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሰው ነበረች። የደረቀውን ሳህን እንደገና ማድረቅ ጀመረ።

«ይቅርታ» ማለትን በሚስቱ ቋንቋ የተማረው ያን ማታ ነው። አራተኛ ቃሉ ሆነ።

ከዚያ ወዲያ ልብ ብሎ ይሰማ ጀመር። ማዘጋጃ ቤቱ ለመጤዎች የከፈተው የቋንቋ ትምህርት ቤት ሄዶ ከኋላ ተቀመጠ፤ ወጣቶቹ ሲቀልዱ እሱ ይጽፋል። ቃላቱ ቀስ እያሉ መጡ፤ አንዳንዴም ተጣመው። ለአማቱ ሰውየው «ጉልበትዎ እንዴት ነው?» ሊላቸው ብሎ «ጉልበትዎ ስንት ነው?» አላቸው። ሽማግሌው ሶፋቸው ላይ እንደተጋደሙ ለአፍታ አሰቡና፣ «ለዘመድ በቅናሽ» አሉት። ነጭናጫ የሚባሉት ሰው ቀልደኛ መሆናቸውን ያወቀው ያኔ ነው።

በአምስተኛው ወር ሽማግሌው ያለ ምርኩዝ መሄድ ጀመሩ። ጭምቷም፣ «አራት ሰው በአንድ ክፍል በቃን፤ ቅርብ የሆነ ቤት እንከራይ» አለች። ለአንድ ቅዳሜ ከአንድ ደላላ ጋር ቀጠሮ ያዘች።

ራዲዮ ደላላውን ከመንገዱ ወዲያ ማዶ ሲያየው ልቡ ዘለለ። ቋንቋው ሌላ፣ መልኩ ሌላ፤ አነጋገሩ ግን የሚያውቀው ነው። ቀበቶው ላይ አንድ እስር ቁልፍ አንጠልጥሏል፣ አንዱን ስልክ በጆሮው ይዞ ሌላውን ይመልሳል፣ ላቡን በመዳፉ ይጠርጋል፣ ገና ሳይደርስ ከሩቅ እጁን ዘርግቶ ይስቃል። ራዲዮ ራሱን በሌላ ልብስ ያየ መሰለው።

ባለቁልፉ ደላላ ገና በሩን ሳይከፍት ጀመረ። ያልተቋረጠ ንግግር ነበር። ራዲዮ ከቃሉ ግማሹ ይገባዋል፤ ዜማውን ግን አንድም ሳይቀር ያውቀዋል። እዚህ ጋ ድምፁን ከፍ አደረገ፣ ማለት የሚደብቀው ነገር አለ። እዚህ ጋ ሳቀ፣ ማለት ሌላ ነገር አለ። ቀጠሮው እኩለ ቀን ላይ የሆነውም ሳሎኑ ፀሐይ የሚያገኘው በዚያች ሰዓት ብቻ ስለሆነ ነው። ራዲዮ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከኋላ ከኋላ ይከተላል።

መኝታ ክፍሉ ውስጥ አንድ ትልቅ ቁም ሣጥን ነበር፤ መስኮቱን በግማሽ ከልሎ፣ ማንም ጤነኛ ሰው በማያስቀምጥበት ቦታ። ራዲዮ ተጠጋና ክንዱን በሣጥኑና በግድግዳው መካከል ሰደደው። መዳፉ እርጥብ ሆኖ ወጣ። ለሚስቱ አሳያት። ባለቁልፉ ስለ ሰፈሩ ጸጥታ መናገር ጀመረ።

ማድቤት ሲገቡ ራዲዮ ቧንቧውን ከፈተ። ባለቁልፉ በዚያው ቅጽበት ኃይለኛ ሳል ያዘው። ራዲዮ በትሕትና ሳሉ እስኪያልቅ ጠበቀ። ቧንቧው ግን ከሳሉ የበለጠ እያሳለ፣ በየመካከሉ አንድ ጠብታ ይተፋ ነበር። ሰውየው ሳል ሲያልቅበት ወደ ሳሎኑ መራቸው። ራዲዮ ትንሿ የምትጫወትባትን ብይ ከእጇ ተቀብሎ ወለሉ ላይ አስቀመጣት። ብይዋ ማንም ሳይነካት መንከባለል ጀመረች፤ ሳሎኑን አቋርጣ፣ መተላለፊያውን አልፋ፣ መታጠቢያ ቤት ገብታ አንድ ነገር ስትመታ ተሰማ። ትንሿ በደስታ ተከትላት ሮጠች።

ሚስቱ ከንፈሯን ነክሳ ነው ሳቋን የያዘችው። ባለቁልፉ ደላላ አሁንም እየተናገረ ነው፤ ግን ራዲዮ አንድ ነገር አየ። ሰውየው ሳሎን ከገባ ጀምሮ ከአንድ ቦታ ንቅንቅ አላለም። እጁ ይዞራል፣ አንገቱ ይዞራል፣ ቀኝ እግሩ ግን እንደ ችካል ተተክሏል። ራዲዮ ይህን ነገር በሃያ ዓመቱ ስንት ጊዜ እንዳደረገው ቆጥሮ አይጨርሰውም። ቀረብ አለና ሙሽራ ለጭፈራ እንደሚያነሳ ሰው የሰውየውን ክርን በቀስታ ይዞ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ወሰደው። ከጫማው ሥር ለሦስት የተሰነጠቀ የወለል ሴራሚክ ብቅ አለ።

ባለቁልፉ ሴራሚኩን አየ። ራዲዮን አየ። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞሮ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ይቅርታ እመቤቴ፣ የባለቤትዎ ሙያ ምንድን ነው?» አላት።

ስትነግረው ሰውየው መዳፉን ግንባሩ ላይ ጣለ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ ቁልፎቹ ቀበቶው ላይ እስኪንጫጩ። ራዲዮም ሳቀ፤ አውሮፕላን ከወረደ ጀምሮ ከልቡ የሳቀው የመጀመሪያ ሳቅ ነበር። ተቃቀፉ። ሰውየው ከእስሩ ውስጥ አንዷን ቁልፍ መረጠና፣ «ኑ፣ ለሰው የማላሳየውን ቤት ላሳያችሁ» አለ። የትም አገር ያለ ደላላ ለራሱ ሰው የሚደብቀው አንድ ቤት አለው። ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ያለ፣ ግድግዳው ደረቅ፣ ቧንቧው ዝም ብሎ የሚፈስ ቤት ነበር። ራዲዮ መዳፉን በየግድግዳው ላይ አሳረፈና ለሚስቱ ራሱን ነቀነቀላት። እዚያው ተፈራረሙ።

ሰኞ ጠዋት ባለቁልፉ የአዲሱን ቤታቸውን በር አንኳኳ። ሐሳብ አለው። እሱ ይናገራል፣ ራዲዮ ከኋላ ይከተላል፤ የሚያየው ቤት ጥሩ ከሆነ ግድግዳውን ነክቶ ራሱን ይነቀንቃል፣ ካልሆነ አይነቀንቅም። «ሰው የኔን አፍ አያምንም» አለ ባለቁልፉ፣ «እውነቱን ነው። አንተ ግን ዝም ስትል ዳኛ ትመስላለህ።» ራዲዮ አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ አስገባ፤ የተሰነጠቀ ላይ መቆም ቀረ። ባለቁልፉ እያጉረመረመ ተስማማ። በሁለት ወር ውስጥ ደንበኞች «ያ ዝምተኛው ሰው ይመጣል ወይ?» ብለው አስቀድመው ይጠይቁ ጀመር። ባለቁልፉ ስለ ፀሐይና ስለ ጎረቤት ሲያወራ ማንም አይሰማውም፤ ሁሉም የራዲዮን አንገት ነው የሚያየው።

ችግሩ ቋንቋው እየገባው መጣ። በዘጠነኛው ወር መናገር ቻለ፤ እየተንገዳገደ ቢሆንም ቻለ። ባለቁልፉ ገና የመጀመሪያውን ረጅም ዓረፍተ ነገር ሲሰማ ቀኝና ግራውን አየና፣ «እባክህ፣ ደንበኛ ፊት እንዳትደግመው» አለው። ራዲዮ ቤቱ ውስጥ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ይናገራል፤ ተራ እየሰጠ፣ እንደ ምንም። ደጅ ሲወጣ ዝም ይላል።

አማቱ ሴትየዋ ዘንድ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነበር። ቤት ከቀየሩም በኋላ ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት ሥራ ስለማይኖረው ሄዶ ድንች ይልጥላቸዋል። ይገባኛል ብሎ ያልነገራቸው መጀመሪያ ስላፈረ ነው። ቀጥሎ ጊዜው አለፈ። ያ ሁሉ የሆድ ምሥጢር ከተነገረ በኋላ፣ «ለነገሩ እኮ እሰማለሁ» ማለት እንዴት ይቻላል? ስለ ባላቸው ኩርፊያ፣ አርባ ዓመት ይቅር ስላላሏት የባላቸው እህት፣ ስለ ጎረቤታቸው የውሸት ጥርስ ሰማ። አንድ ማክሰኞ ደግሞ ሴትየዋ ድንቹን አስቀምጠው፣ ዓይናቸውን መስኮቱ ላይ ተክለው ተናገሩ። «ልጄ ለሁለት ዓመት ብላ ሄደች። ሰፈሩን ሁሉ በሁለት ዓመቷ ትመለሳለች ብዬ ነገርኩ። ስትቀር ሱቅ መሄድ አፈርኩ። ያ ሰውዬ በምላሱ ወሰዳት እያልኩ ስረግምህ ነበር። ደግነቱ አይገባህም።» ራዲዮ ቀና አላለም። በእጁ የነበረችውን ድንች መላጥ ቀጠለ፤ ቀጠለ፤ ባቄላ እስክታህል ድረስ ላጣት።

ነገሩ የተጋለጠው በውሃ ቆጣሪ አንባቢው ነው። ሴትየዋ ሱቅ ሄደው ሳለ ሰውየው መጥቶ አንኳኳ። ራዲዮ ከፈተለት። ቆጣሪ አንባቢው የመንገዱን የውሃ ግፊት አነሳ፤ ስለ ቧንቧ ወሬ ተነስቶ ራዲዮ እንዴት ዝም ይበል? የአንድ ዓመት ጥም ነበረበት። የእያንዳንዱን ቤት መስመር፣ የትኛው ፎቅ ውሃ እንደማይደርሰው፣ ማን ድብቅ ፓምፕ እንዳለው ሳይቀር ዘረዘረለት። ቀና ሲል አማቱ ሴትየዋ ከቆጣሪ አንባቢው ጀርባ ቆመዋል። ዘንቢላቸው መሬት ላይ ነው።

ቆጣሪ አንባቢው ሁለቱንም አየና ሌላ ቤት እንዳለው አስታወሰ።

«ይገባሃል» አሉ ሴትየዋ።

«ይገባኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ራዲዮ አሰበ። «የባለቤትዎ እህት ምድጃውን ያቃጠሉበት ታሪክ ላይ ግማሽ ግማሽ። ከዚያ ወዲህ ያለውን በሙሉ።»

ሴትየዋ በሩ ደፍ ላይ ቁጭ አሉ። ከፊታቸው ላይ አንድ ዓመት ሙሉ የተናገሩት ነገር በተራ ሲያልፍ ይታይ ነበር። «ስረግምህ እንደነበር የነገርኩህ ቀንስ?»

«ገብቶኝ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«እውነትዎን ስለነበር» አለ ራዲዮ። «ደግሞም በዚያ ቀን የምመልሰው ቃል በእርስዎ ቋንቋም በኔም ቋንቋ አልነበረኝም።»

ራዲዮ ዘንቢሉን አንስቶ አስገባላቸው። እሳቸው ወደ ላይኛው ፎቅ ወጥተው በራቸውን ዘጉ።

ሚስቱ ነገሩን ስትሰማ ወንበር እስክትይዝ ሳቀች፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች፤ ከዚያ ደግሞ ሳቀች። «እናቴ ትገድልሃለች» አለችው። በሚቀጥለው ማክሰኞ አልሄደም። ከዚያ ቀጥሎ ባለው ማክሰኞ ስልክ ተደወለ። አማቱ ሰውየው ነበሩ። «ና» አሉት። «በአንተ ፈንታ እኔን ድንች እያስላጠችኝ ነው፤ ጉልበቴ ዳነልኝ ስል እጄ አለቀ።»

ሄደ። ሴትየዋ ማድቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ቢላ አስቀምጠው ነበር። ተቀመጠ። ሁለቱም መላጥ ጀመሩ። እሱም ትንፋሹን ወደ ውስጥ ከመሳብ ራሱን ተቆጣጠረ።

በመጨረሻ ሴትየዋ ቀና ሳይሉ፣ «ልጄ አስራ አንድ ዓመት የኖረችበት ቤት» አሉ፣ «ምን ይመስል ነበር?»

ራዲዮ ቢላውን አስቀመጠ። ቤት መግለጽ ሥራው ነው፤ ለዚህኛው ግን የት እንደሚጀምር ቸገረው። «ሁለት ክፍል ነው» አለ። «መኝታ ቤቱ ጣሪያ ላይ አንድ የዝናብ ምልክት አለ፤ ሦስቴ አሠራሁት፣ ሦስቴም ተመለሰ።»

«መስኮቱ በየት በኩል ነው?»

«በጠዋት ፀሐይ በኩል። እዚያ ጋ ጠረጴዛ አላት፤ የምትጠግነውን ነገር ቤት ይዛ ስትመጣ እዚያ ነው የምትበትነው።»

«ብሎኖቹን በምን ውስጥ ታስቀምጣለች?»

«በሻይ ሲኒ።»

«ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲያ ናት» አሉ ሴትየዋ። «ጫማዋንስ? በሩ ላይ ነው የምታወልቀው ወይስ አልጋ ሥር?»

«አንዱን በሩ ላይ፣ አንዱን አልጋ ሥር።»

ሴትየዋ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይህንንም ያውቁታል። ወንበራቸውን ወደ እሱ አስጠጉ። ከሳሎኑ ሽማግሌው ምሳ ምን ሆነ ብለው ተጣሩ።

«ከበሩ ጀምር» አሉት። «እንደ እንግዳ አድርገህ አስገባኝ።»